በአክስሉ ላይ የተሰመረው መስመር

የግራውን የአክስል ዘንግ በሁለት እጄ ይዤ ስስበው ትንሽ አንገራገረና ወጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ዘይት ጠጥቷል፤ ብረቱ እንኳ አይታይም። ክሪክ ላይ ከተሰቀለው ፒካፕ ሥር ተስቤ ወጣሁና ለአማቼ አቀበልኩት።

«በቤንዚን ጥረግልኝ። እኔ ኩሽኔታ ገዝቼ መጣሁ።»

አማቼ የእህቴ ባል ነው፤ ሥራው ቀለም ቅብ ነው። ሰፈሩ «ቀለሜ» ይለዋል እንጂ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ጋራዥ ገብቶ እጅጌው ሳይቆሽሽ የሚወጣ ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። ዘንጉን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ጥላው ወሰደው።

ፒካፑ የእሱ ነው፤ ሞተሩን ከወር በፊት የቀየርኩት እኔ ነኝ። የድሮው ዳገት ባየ ቁጥር ነፍሱ ልትወጣ ትደርስ ነበር። በእሱ ቦታ የተጋጨ የጭነት መኪና ሞተር አስገባሁለት፤ አሁን ዳገቱን እየዘፈነ ይወጣዋል። የኋላው አክስል ግን ከፋብሪካ የመጣው ነው፤ የተሠራው ለዚያ ለበሽተኛው ሞተር ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት ይችላል ወይ ብሎ ያልጠየቀኝ የለም። ለሁሉም አፌን ሞልቼ «ይችላል» ብያለሁ። ለራሴ ግን አላልኩም። ካልቻለ ዘንጉ ይሰበራል፣ ጎማውም የተሰበረውን ይዞ ይወልቃል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ አማቼ እህቴንና ሁለት ልጆቿን ከነቤት ዕቃቸው ጭኖ ሥራ ወዳገኘበት ከተማ ይሄዳል። መንገዱ ግማሹ ገደል ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ከወር በፊት ዘንጉን ሳስገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አስምሬበታለሁ። ብረት ሳይሰበር በፊት ይጠመዘዛል፤ ሲጠመዘዝ መስመሩም አብሮት ይዞራል። ወር ሙሉ ጭነት ጎትቶ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ከተገኘ አክስሉ ችሏል ማለት ነው።

ይህን ለአማቼ አልነገርኩትም። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ የምልክት ትርጉም ለባለ መኪና አይነገርም ባይ ነበሩ። «ሙያ በልብ ነው፤ ከነገርከው ምልክቱን እንጂ አንተን አያምንም» ይሉ ነበር። እኔም ብሆን ሰው የማያውቀውን ማወቅ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ኩሽኔታውን ይዤ ስመለስ እህቴ በር ላይ የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ለትንሿ ልጅ ፀጉር ትጎነጉናለች።

«ወንድምዓለም፣ ሳይመሽብን አስወጣን እንጂ።»

«እታለም፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«አንተ ሳትቸኩልም ታፈሳለህ።»

ዘንጉ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ተጠርጎ ያብረቀርቃል። መስመሩ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ እስከ ሌላው ጫፍ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ አንዲት ፀጉር እንኳ አልዞረም። ቁጢጥ ብዬ በአንድ ዓይኔ አነጣጥሬ አየሁት። እፎይ አልኩ። ከእፎይታው በላይ ግን ኮራሁ።

«ይችላል!» አልኳት እህቴን። «ልጆቹን አዘጋጂያቸው።»

«ድሮስ ይችላል አላልክም?» አለችኝና ጫማቸውን ልታደርግላቸው ተነሳች።

ዘንጉን ልመልሰው ብድግ ሳደርገው አውራ ጣቴ ተጣበቀ። አየሁት፤ ነጭ ሆኗል። ወር ሙሉ ዘይት ውስጥ የዋለ ቀለም ጣት አያነጣም። አሸተትኩት። ትኩስ ነው።

«ቀለም አስነክተኸዋል እንዴ?» አልኩት አማቼን።

ብሩሹን በጋዜጣ እየጠቀለለ ነበር። «ትንሽ አስተካከልኩት» አለ። «አትቀየመኝ እንጂ እጅህ ለመስመር አይሆንም። ስጠርገው አየሁትና አላስችልህ አለኝ። በቤንዚን ፈግፍጌ አጠፋሁትና በክር ለክቼ እንደገና አሰመርኩት።»

«አክስል ውስጥ ማን ያየዋል ብለህ?»

«ማንም አያየውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

ይህን ሲል ፈገግ አለ። ያኮረፈ ሰው አባብሎ የሚያስታርቅ ፈገግታ ነው። ልቆጣው ፈለግሁ፣ ግን ምን ብዬ? ያልነገርኩትን እንዴት ያውቃል?

«ጠማማ ነበር?»

«በጣም።»

«እንዴት አድርጎ? አሳየኝ እስቲ።»

ጠቋሚ ጣቱን አንስቶ ዘንጉን ሳይነካ ከላዩ ያዘ፤ ቀለሙ እንዳይበላሽ ነው። ከጎማው በኩል ጀመረ። ጣቱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄደ። መሐል ሲደርስ ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለ። ከዚያ እያዘነበለ፣ እያዘነበለ ሄደና ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ጋ ሲደርስ ከዘንጉ ሥር ገባ።

«እንዲህ» አለኝ። «ጨርሶ ዞሮ ነበር።»

ትንሿ ልጅ ጫማዋ ተደርጎላት ሲሚንቶው ላይ እየዘለለች ትሞክረዋለች። እህቴ የወንዱን ማሰሪያ እየቋጠረች ነው።

«እታለም» አልኩ። «እታለም፣ ጫማቸውን አውልቂላቸው።»

ቀና አለች። «ይችላል አላልክም እንዴ?»

«ብዬ ነበር።»

ማሰሪያውን በእጇ እንደያዘች ባሏን አየችው። እሱ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ጣቱ ገና ከዘንጉ ሥር ነው።