የዳኛው ጆሮ

ዘመኑ 2015 ዓ.ም.፣ ወሩ ሰኔ ነበር። ዝናቡ በጊዜው ገብቶ ከመካነ ሰላም በታች ያለው ማሳ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። በዚያ ላይ ጾም ነው።

በዛችን በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር አስመርሯታል። አንዱ ጭቃው፣ ሌላው ዳኛው።

ዳኛው ውሻ ነው። ልጇ ጥላሁን በመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሳለ ፈረንጁ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ አደራ ብሎ ተወለት። ጥላሁን ደግሞ ሥራ ፍለጋ ደሴ ሲሄድ አደራውን ለእናቱ አስተላለፈ። እንዲህ ያለ ውሻ በአካባቢው ታይቶ አያውቅም። ወገቡ እንደ አግዳሚ ወንበር ረዝሞ እግሩ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ሆዱ መሬት ይጠርጋል፤ ጆሮውም መሬት ይጠርጋል። ቆዳው ለሁለት ውሻ ይበቃል። ግንባሩን ሸብሽቦ፣ ዓይኑን አንጠልጥሎ ሲያይ ይግባኝ የማይቀበል ዳኛ ይመስላል። ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው።

ጎረቤታቸው ይሄነው በአጥር ላይ ብቅ ባለ ቁጥር አይምረውም።

"የኋላሸት! የዚህን ውሻ እግር ማን በላው?"

"ሥራ የለህም?" ይላል የበዛች ባል።

"የምሬን እኮ ነው። እስቲ አስነሳውና ልየው።"

"ቆሟል።"

የኋላሸት እንዲህ ነው። ቃል ሲያወጣ በክፉ ቀን ከጎታ እህል እንደሚሰፍር ሰው ይሳሳል።

ውሻውን ውጭ ቢያስሩት ያላዝናል፤ ቤት ቢያስገቡት ያንኮራፋል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ደወሉ እስኪያበቃ አብሮ ይጮኻል። ሲጠሩት አይመጣም። ጎርፍ እንዳይገባ ከፍ ተደርጎ የተሠራውን የበር ደፍ ለመሻገር የፊት እግሩን ያሳርፍና የኋላውን የሚያነሳለት ሰው ይጠብቃል። ሲበላ ሁለቱም ጆሮዎቹ ሳህኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ሽሮ የበላ ዕለት ጆሮው ሽሮ፣ ገንፎ የበላ ዕለት ጆሮው ገንፎ ነው። በዛች ሲሰለቻት ጆሮውን በአሮጌ ሻሽ ጠቅልላ አናቱ ላይ ታስርለታለች። ያኔ አራስ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። እርጎው ባይጎድል።

ላሚቱ አትጾም፤ ወተቱ በየቀኑ ይመጣል። በዛች እርጎውን በማሰሮ እያጠራቀመች ትንጠዋለች፤ ቅቤው ለጾሙ ፍቺ ነው። ማሰሮውን ውሻው እንዳይደርስበት ብላ ጎታው አጠገብ ካለው ከፍተኛ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ሆኖም ጠዋት የተወችው እርጎ ማታ ሁለት ጣት ወርዶ ታገኘዋለች።

ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷ፣ የኋላሸትና የኋላሸት እናት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። ሦስቱም ጿሚ። እማማ የነፍስ አባታቸው አባ ኃይለ ማርያም መክሳታቸውን አይተው፣ "አቅምዎ ደክሟል፤ ጾሙን ፈትቼልዎታለሁ፤ ወተት ይጠጡ" ቢሏቸው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መትተው፣ "ከልጅነቴ ያልፈታሁትን ጾም አሁን ለጉልበቴ ብዬ? ብሞት አላደርገውም!" ብለዋል። አገሩ ሁሉ አውርቶላቸዋል።

እንግዲህ በቤቱ የማይጾም አንድ ዳኛው ብቻ ነው።

"ሌላ ማን ሊሆን ነው?" አለች በዛች። "አፉን እየው! ነጭ!"

"ሲፈጠርም ነጭ ነው።"

"በርጩማውስ? መደርደሪያው ሥር ማን አስጠጋው? ገፍቶ ነው የሚወጣበት። የፈረንጅ ውሻ እኮ ነው፤ የተማረ ነው!"

"ሌባ!" አሉ እማማ ከመደባቸው። "ዓይኔ እያየ ነው የሚልሰው፣ ከይሲ!"

ዳኛው ስሙ የተጠራ መስሎት በጅራቱ መሬቱን መታ።

ሐሙስ ዕለት በዛች ጓሮ ጎመን ስትቀጥፍ ከቤት አንድ ነገር ጓ! ሲል ሰማች። ሮጣ ስትገባ እማማ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። በርጩማው ተገልብጧል። ዳኛው አጠገባቸው ተጋድሞ እጃቸውን ይልሳል።

"ጠልፎ ጣለኝ፣ ይሄ እርጉም!"

"በቃ!" አለች በዛች። "ሰው ሳይገድልብን፣ ቅዳሜ ወረኢሉ በሚሄደው አይሱዙ ተጭኖ ይሂድልኝ!"

እማማ ደነገጡ። "ኧረ ተይው ልጄ። ውሻ ምን ያውቃል? ይኑር እንጂ።"

"አሁን እርጉም አላሉትም እንዴ?"

"እርጉምም ቢሆን የቤታችን ነው።"

በዛች በደግነታቸው ተገረመች። እሳቸው ብርድ ነው ብለው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

የኋላሸት ጩኸቱን ሰምቶ ከማሳ ገባ። እናቱን አንስቶ መደቡ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዳኛውን አንዱን ጆሮ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገ፤ ሌላውንም እንደዚያው። አሸተታቸው። ከአቧራ በቀር ምንም የለባቸውም። ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ።

"ፍረድ እንግዲህ" አለች በዛች።

"ሌባው ውሻው ነው" አለ የኋላሸት ጮክ ብሎ። ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። "ግን አይሄድም።"

በርጩማውን አውጥቶ በረት ውስጥ ወረወረውና መዶሻ ይዞ ተመለሰ። መደርደሪያውን ነቀለ። ግድግዳውን በከሰል ምልክት አድርጎ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይመታው ጀመር።

"ምን እያደረግህ ነው? ለሌባው እንዲመቸው ነው?"

"እንዲመቸው ነው።"

"ጉድ ነው! ተሸክመሽ አጠጪው በለኛ!"

የኋላሸት የመጨረሻውን ሚስማር መታና ማሰሮውን አስቀመጠ። ከዚያ ግድግዳውን የለካበትን ምርኩዝ ወስዶ ለእናቱ መለሰላቸው።