ከድልድዩ የወጣው መስመር

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ልብስ ሰፊው አባቷ የትልቋን ከተማ ካርታ በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አብረው የሚጎበኙትንና የሚበሉበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ያገናኝ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ዓሣ ቤቱ፣ ከዓሣ ቤቱ ወደ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኬክ ቤቱ።

“አባዬ፣ ከተማ ልናይ ነው ወይስ ልንበላ?” አለችው።

“ሙዚየም ቆሞ ነው የሚታየው፤ ባዶ ሆድ ደግሞ አያቆምም” አለና ወደ ድልድዩ አሰመረ።

ጠመኔው ድልድዩ መሃል ሲደርስ ታጠፈና ወንዙ ውስጥ ገባ። “ኧረ አሰጠምከን!” ብላ ሳቀች። መስመሩ ግን እየቀጠነ ከካርታው ጠርዝ ወጣ። ዕድሜ ልኩን ዝንፍ ብሎ የማያውቀው እጁ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ሳቋ ገና ከአፏ ሳይጠፋ ግንባሩ እጁ ላይ ወደቀ።

እሁድ ቀበሩት። ከተማዋን እስከ ዛሬ አላየቻትም።