የመቶ ሜትር ምርጫ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አትሌቶች በሚዘጋጀው ውድድር በመቶ ሜትር የሚሮጡትን ሦስት ወጣቶች መርምራ እንድታጸድቅ የተጠራችው ሐኪም፣ ስቴዲየሙ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣለች። ውስንነቱ ካለባቸው ሯጮች አንዱን፣ ደምሰውን፣ ትናንት ልምምድ ላይ አይታዋለች። ሁሉንም ጥሎ ከገባ በኋላ ሩጫው ማለቁን ረስቶ እስከ አጥሩ ድረስ ሮጧል። ከጠዋት ጀምሮ የምትጠብቀው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ወጣት ገብቶ ተቀመጠ።

"ከሰኞ ቀጥሎ ምን ቀን ይመጣል?"

"ሐሙስ።"

"አንድ እጅህ ላይ ስንት ጣት አለ?"

"ሰባት።"

ሁለተኛውም ሐሙስ አለ፤ ሰባት አለ። ሦስተኛው ደግሞ ገና ወንበሩን ሲስብ፣ ምንም ሳትጠይቀው፣ "ሐሙስ" ብሏት ቁጭ አለ።

ወረቀቷን ሰብስባ ብትወጣ አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ ቆሎ ይቆረጥማል።

"እነዚህ ልጆች ምንም የለባቸውም! አስጠንተሃቸው ነው!"

"ቀስ በይ እንጂ ዶክተርዬ፣ ሰው ይሰማል። ሜዳሊያው እኮ የሁላችንም ነው።"

"ደምሰውስ የታለ?"

"ወደ ቤቱ ሸኘሁት።"

"ከሁሉም የሚፈጥነውን? ውድድሩ የሚገባው እኮ ለእሱ ብቻ ነው!"

"ማን ካደ?" አለ አሰልጣኙ፣ የቆሎውን ገለባ ከመዳፉ እፍ እያለ። "ምን ላድርገው ታዲያ? አንድ ወር ሙሉ አስጠናሁት፤ ሐሙስና ሰባትን መያዝ አቃተው።"