ዘበኛው አረቄ ሲተው

አሮጊቷ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ከእንጦጦ ስትወርድ የደን ዘበኛው መንገዱ ላይ ጠበቃት። እንደ ልማዷ ከመቀነቷ ትንሿን የአረቄ ጠርሙስ አውጥታ ዘረጋችለት። እስካለፈው ሳምንት ድረስ “አንቺ ሌባ አሮጊት!” ብሎ ይሰድባትና ጠርሙሷን ተቀብሎ ያሳልፋት ነበር። ዛሬ ግን መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠና ጣቶቿን በገዛ እጁ አጥፎ አስያዛት።

“እማማ፣ እኔ ጌታን ተቀብያለሁ። መጠጡንም ጉቦውንም ትቻለሁ።”

“እሰይ፣ ልጄ! እንግዲያ ልለፍ፤ ይቺ ጭራሮ እኮ የዛሬ እራቴ ናት።”

“ሕጉ አይፈቅድም፤ ይቅር ይበሉኝ።” ቢላዋውን አውጥቶ ገመዷን በጠሰው። ጭራሮው ከጀርባዋ ተንዶ ተበተነ። “ግን እጸልይልዎታለሁ” አላት፣ እንባ አቅርሮ።

ባዶ ጀርባዋን ወደ ቀበና ስትወርድ ያ ሰካራም፣ ያ ተሳዳቢ ሰውዬ ናፈቃት።