የማያልቀው የድመት ፀጉር

«ወይ ድመቷ ትሂድ… ወይ እኔ ልሂድ።»

ልጅቷ ይህን ያለችው ሶፋው ስር ተንበርክካ፣ እርጥቡን የጎማ ጓንት ከእጇ ሳታወልቅ ነው።

አባቷ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ነጯ ድመት ጭናቸው ላይ ተጠቅልላ ዓለሟን ትቀጫለች።

«አባዬ፣ እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው ልጄ።»

ለመፍረድ አትቸኩሉ…

ልጅቷ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። የደንብ ልብሷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አለቃዋ፣ እንግዳ ፊት፣ ከትከሻዋ ላይ አንድ ነጭ ፀጉር በሁለት ጣቱ አንስቶ «ይሄ የማነው?» ብሏታል።

«የድመት» ብሎ መመለስን እስቲ አስቡት…

አባቷ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። እናቷ ሲያርፉ «ብቻህን አትሆንም» ብላ ወደ ቤቷ ያመጣቻቸው ራሷ ናት።

አባት መጡ… ድመቷም አብራ መጣች።

«እሜቴ» ነው የሚሏት። እውነትም እመቤት ናት። የማትተኛበት ቦታ የለም… ሶፋው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ የተተኮሰ ልብስ ላይ።

በተለይ የተተኮሰ ልብስ ላይ።

ልጅቷ ያልሞከረችው ነገር የለም።

ከኮቷ ላይ ፀጉሩን በፕላስተር እየለጠፈች ታነሳለች… የሚያጣብቀውን ጎን ወደ ውጭ አድርጋ እጇ ላይ ትጠቀልለውና ለጠፍ፣ ነቀል።

የትራስ ልብሱን ሳይታጠብ በፊት በረንዳ ላይ ታራግፋለች፤ አንዴ ከረጠበማ ፀጉሩ ጨርቁ ላይ ሙጭጭ ይላል።

ሶፋውን በእርጥብ ጓንት ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ትጠርጋለች። ፀጉሩ እየተድበለበለ ይወጣል።

በማግስቱስ? ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

እሷ እየጠረገች ስታጉረመርም አባቷ አጠገቧ ሆነው «እዚህ ጋ ቀርቶሻል» ይሏታል። በዚያው ወሬ ይጀምራሉ… ገደል አፋፍ ላይ ጎማ ስለፈነዳባቸው ቀን፣ እናቷን መጀመሪያ ስላዩበት ነዳጅ ማደያ።

«እህ…» ትላለች። ዓይኗ ፀጉሩ ላይ ነው።

እና ያን ቀን «ወይ እሷ ወይ እኔ» ስትል አባት ድመቷን አንዴ ዳበስ አደረጓትና…

«ትሂድ» አሉ። ክርክር የለ፣ ልመና የለ።

ታች ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህርት ደስ ብሏቸው ወሰዷት።

ልጅቷ ቤቱን ገልብጣ አጸዳችው። ሶፋው ዛሬ ከሱቅ የወጣ መሰለ።

ኑሮዋም ተስተካከለ። ከሥራ ትገባለች፣ «ደህና ዋልክ አባዬ?» ትላለች፣ ራት ታቀርባለች፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ ስልኳን ይዛ ጋደም።

ሰላም…

ግን ብዙም ሳይቆይ… ሶፋው ላይ ፀጉር።

«ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረ ይሆናል» ብላ ጓንቷን አጠለቀች። ጠረገች።

እንደገና ፀጉር። ጠረገች።

እንደገና!

«አባዬ፣ ይቺ ድመት እዚህ ቤት ትገባለች እንዴ?»

«ኧረ እኔ አላየኋትም። …እዚህ ጋ ቀርቶሻል።»

ደሟ ፈላ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀደም ብላ ስትመለስ በቀጥታ የመምህርቷን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ድመቷን ቀን ቀን ወደ እኛ ይለቋታል?»

መምህርቷ ግራ ገባቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እሷ ከዚህ ደጃፍ አልፋ አታውቅም። አባትሽ ናቸው እንጂ ወደዚህ የሚመጡት።»

«አባዬ?»

«አዎ። ቁጭ ብለው ያበጥሯታል። የወጣውን ፀጉር ደግሞ በፌስታል ቋጥረው ይዘው ይሄዳሉ። ለምንዎት ነው ብላቸው ለትራስ መሙያ ነው አሉኝ… አሁንም ገና መውጣታቸው ነው።»

ልጅቷ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። በሩን ቀስ ብላ ከፈተች።

አባቷ ሶፋው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ከፌስታሉ እየቆነጠሩ… እንደ ዘር ይበትናሉ። እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ።

«አባዬ!»

ቀና አሉ። ፌስታሉን ለመደበቅ እንኳን አልሞከሩም።

«ምን አደረግኩህ? እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ እጠርጋለሁ፣ አንተ ትበትናለህ? እልህ ነው? ድመቷን ስላስወጣሁብህ ነው?»

«እልህ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሶፋው የጸዳ ጊዜ… አንቺ አልተቀመጥሽም።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሶፋው መለሰች።

«ትገቢያለሽ፣ ራቴን ትሰጪኛለሽ፣ በርሽን ትዘጊያለሽ። ክፉ ሆነሽ አይደለም፤ ደክሞሽ ነው፣ አውቃለሁ። ፀጉር ሲኖር ግን ከጎኔ ትሆኛለሽ። ትቆጪኛለሽ… ግን ከጎኔ ነሽ።»

 

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣል አደረገች። ፀጉሩ መሃል፣ ከነጥቁር ኮቷ፣ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

አሁንም በንዴት ድምፅ…

«ለመሆኑ እማዬ ያኔ ነዳጅ ማደያው ጋ ምን አለችህ?»

አባት ዞረው አዩዋት። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

እሜቴ ተመልሳለች። ሶፋው አንሶላ ለብሷል፤ ጥቁሩ የደንብ ልብስ የሚያድረው ሆቴሉ ነው። ልጅቷ ፀጉር መልቀሙም ማጉረምረሙም አልቀረላትም… ግን ከሥራ ስትገባ በመጀመሪያ ትቀመጣለች።

ወዳጆቼ… ወላጆቻችን «ናፍቀኸኛል፣ ናፍቀሽኛል» ማለት ይከብዳቸዋል። ሰበብ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ሰበብ ያናድዳል፣ ያሰለቻል፣ ያደክማል። ከመቆጣታችን በፊት ከሰበቡ ኋላ ያለውን ሰው እንይ። አብሮ መኖርና አብሮ መቀመጥ አንድ አይደሉም።

እናንተስ… ቤታችሁ ውስጥ በሆነ ባልሆነው እየነዘነዘ የሚጠራችሁ ማነው? እውነት የሚፈልገው ያንኑ ነገር ይመስላችኋል? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።