በጠመንጃው ፋንታ

አልቃሿ የምትገጥመው የሟቹን ጠመንጃ እያየች ነበር፤ ካላየች አትገጥምም። የአዘዞው ሟች ግን ስመ ጥር የልጆች ተረት ደራሲ ስለነበር፣ የእህቱ ልጅ በጠመንጃው ፋንታ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ይዛ ድንኳኑ መሃል ገባች። ለቀስተኛው አጉረመረመ።

«ምነው፣ ጠመንጃ የለውም?» አለች አልቃሿ።

«ክንፍ ያለው ጭላዳ አለው። ያገሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት!»

«ታዲያ ጭላዳው ምን ሠራ?»

«የሞተች እናቱን ፍለጋ ሰማይ ለሰማይ ይበራል።»

«አገኛት?»

«ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ፈለጋት። የሚያገኝበትን አራተኛውን… አጎቴ ሰኞ ሊጀምር ነበር።»

አልቃሿ መጽሐፉን እያየች፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾውን አወረደችው፦

«ክንፎች ሰፍቶ ላከው ጭላዳውን ሰማይ፤
ጭላዳው ቢዘገይ ራሱ ሄደ ሊያይ።»