ቀድሞ የተሳለው

ማርሴላ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን የሞለኪውል ሥዕል አንዴ ታዞረዋለች፣ አንዴ ትገለብጠዋለች። ሁለቱ ቀለበቶች፣ በመካከላቸው ያለው ድልድይ፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክሎሪን፤ በየትም በኩል ቢታይ ያው ነው።

«እንደገና ፈልጊው» ይላል ሃዋርድ ከኋላዋ ቆሞ። ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም። ስድስት ዓመት የለፋበት ሞለኪውል ነው፤ እግራቸው የከዳቸውን አይጦች አስነስቶ ያስኬደ። በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት፣ የቀደመ ሰው መኖር አለመኖሩን ከዓለም ፓተንቶች፣ ከተመዘገቡ የፈጠራ ባለቤትነቶች ውስጥ መፈለግ የእሷ ሥራ ነው።

«ደጋግሜ ፈለግሁት፣ ሃዋርድ። አንድ የድሮ የጃፓን ፓተንት ውስጥ አለ። የጨርቅ ማቅለሚያ ብለው ነው ያስገቡት።»

«ማቅለሚያ?» ደረቅ ሳቅ ይስቃል። «ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? እነሱ መጋረጃቸውን ይንከሩበት፤ እኛ መድኃኒትነቱን እናስመዘግባለን።»

«ጠዋት የሕግ ክፍሉን ሰዎች ጠየቅኋቸው። መድኃኒትነቱን ብቻ ማስመዝገብ አጭር አጥር ማጠር ነው፣ ማንም ይዘለዋል አሉ። ኩባንያው የራሱ ላልሆነ ነገር ገንዘብ አያፈስም። ሰኞ ምርምሩን ይዘጉታል።»

ሃዋርድ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። «ከእኔ በፊት ለእነሱ ነገርሽ።»

«ለአንተ ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«አንድ ካርቦን ጨምሬ ሌላ ሞለኪውል አደርገው ነበር።»

«ጨምረህ አይተኸው የለ? አይጦቹ አልተነሱም። ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

ሃዋርድ ዘወር ይላል። ከመስታወቱ ግድግዳ ባሻገር አንዲት የላቦራቶሪው ልጅ አውራ ጣቷን ቀስራ ታሳየዋለች። ገና አልሰማችም።

«የእህትሽ ልጅ እንዴት ነው?»

«ዊልቸር ላይ ተቀመጠ።»

«ፓተንቱን እዚያው ብትተዪው ማን ያውቅብሽ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ማርሴላ ከእሱ ቀድማ ራሷን ጠይቃዋለች። «ለጊዜው ማንም። መድኃኒቱ ገበያ ከወጣ በኋላ ግን የተፎካካሪ ጠበቆች ያገኙታል።»

«ከወጣ በኋላ» ይላል ሃዋርድ።

ማርሴላ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። የእህቷ ልጅ በልደቱ ቀን ስለዚህ መድኃኒት ሲጠይቃት «ደርሷል» ብላው ነበር።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ይላል ሃዋርድ፣ ለመነሳት ካፖርቱን እየቆለፈ።

«ቢጫ። ፀሐይ የማያጠፋው ቢጫ ነበር የሚፈልጉት።»

«አገኙ?»

ወደ ፓተንቱ መጨረሻ ትወርዳለች። ሰንጠረዡ ረጅም ነው፤ የእነሱ ሞለኪውል ከመካከል፣ ከብዙ ወንድሞቹ ጋር ተሰልፏል። በጎኑ አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋለች።

«የለም» ትላለች። «ይደበዝዛል ነው የሚለው።»